ያው ናሙና፣ ሌላ ውጤት

በደሴው የጥናት ቡድናችን «አንዱ መድኃኒት መስታወት ላይና ቴፍሎን ላይ ሲለካ ምልክቱ ለምን ይለያያል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሟል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ናሙናው የተቀመጠበት ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ዴሲ (DESI) የተባለው የምርመራ ዘዴ (ከከተማችን ጋር ዝምድና የለውም!) የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የፈሳሽ ጠብታዎችን ናሙናው ላይ ይረጫል፤ ተፈናጥረው የሚነሡት ጠብታዎች ከናሙናው ቆንጥረው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ወደሚለየው መሣሪያ፣ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ይገባሉ።

ቡና አስቡ። ያልተሟሸ ሸክላ ላይ ሲፈስ ይመጠጣል፤ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ላይ ግን ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ወረቀትም እንደ ሸክላው ናሙናውን ወደ ውስጥ ይስባል። ለስላሳ መስታወት ላይ የሚረጨው ፈሳሽ ናሙናውን አጥቦ ሊወስደው ይችላል። ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ደግሞ የጠብታውን ሙል ያሳጣል።

ገጹ ለውጥ ማምጣቱ እርግጥ ነው። የቱ ይሻላል የሚለው ግን እንደ ናሙናውና እንደሚረጨው ፈሳሽ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ቴፍሎን ከመስታወት ይበልጣል። ሁለት ናሙና የምታወዳድሩ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ገጽ ላይ አኑሯቸው።