ከጥፋት የተረፈ ሰው ወዴት ይሮጣል?

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

እዚህ ሐዋሳ ካሉ ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ማታ ማታ በስልካቸው የሚያዳምጡት ትረካ ተመሳሳይ ነው። መብራት አንድ ቀን ጠፍቶ በዚያው ይቀራል፤ ባንክ ይዘጋል፤ መንግሥት የሚባል ነገር አይኖርም፤ የተረፉት ጥቂት ሰዎች ባዶ በሆነ ከተማ ውስጥ ውሃና ምግብ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ልብ ወለዱን የሚያነቡ አሉ፤ ፊልሙን በአማርኛ ትርጉም የሚከታተሉም አሉ። በቅዳሜው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ጉዳዩ ሲነሣ አንዳንድ ወላጆች «መንፈስን ያጨልማል፣ ይተዉት» አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም ከመከልከላችን በፊት ልጆቻችን እዚያ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ መስማት አለብን ብዬ አምናለሁ።

ከመካከላቸው ተመርቆ ሥራ ያላገኘ አንድ ወጣት ነበር። ለምን እንደሚያዳምጥ ሲጠየቅ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ያለ ዘመን ቢመጣ እኔም የማስፈልግ ሰው እሆን ነበር» አለ።

ይህን ቃል እንዲሁ ልናልፈው አይገባም። በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ቢሮ የለም። ቁስል መስፋት የሚችል፣ መረብ የሚሠራ፣ በእርጥብ እንጨት እሳት የሚያነድድ ሰው ወዲያው ቦታ ያገኛል። የቤት ኪራዩ፣ ዕዳው፣ የፈተናው ውጤት በአንድ ሌሊት ይሰረዛል። ሰው ጠዋት ሲነሣ የዕለቱን ሥራ ያውቀዋል፤ ማታም የሠራው በዓይኑ ይታየዋል። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍጥረት 2፥15)። የሚጨበጥ ሥራ መሥራትንና ለሌላው ማስፈለግን መናፈቅ ከውድቀት በፊት በሰው ልብ የተቀመጠ ናፍቆት ነው። ልጁ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ ልንገሥጸው አይገባም።

እንዲህ ያለ ድርሰት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ጨርሶ አንድ ሰው ብቻ ስለቀረባት ምድር የሚተርክ ልብ ወለድ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1826 ታትሟል። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ በኋላ ደግሞ በተለይ በአሜሪካ ብዙ ተጻፈ። ጥቅም የለውም ማለትም አይቻልም። በኮቪድ ወቅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ የዓለምን ጥፋት የሚያሳዩ ፊልሞችን የሚወዱ ሰዎች ለወረርሽኙ ከሌሎች ይልቅ ተዘጋጅተው እንደ ነበር አመልክቷል። መጽሐፈ ምሳሌም ብልህ ሰው ክፉን አይቶ እንደሚሸሸግ ይናገራል (22፥3)።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ታሪኮች ብዙዎቹ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ ሊዘርፍ የመጣ ነው ብለው ያስተምራሉ። ጀግናው አጥር ያጥራል፣ ጥይት ይቆጥራል፣ እህሉን ይደብቃል፤ ለማያውቀው ሰው የራራው ባለታሪክ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይህን ለወራት ሲያዳምጥ ያደረ ሰው ጠዋት ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን በምን ዓይን ያየዋል? በአገራችን መጠራጠር እንዲህ በበረታበት ዘመን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው፤ 2ኛ ነገሥት ከ6፥24 እስከ 7፥20 አንብቡ። የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን ከብቧል። በከተማይቱ የአህያ ራስ በሰማንያ ብር ይሸጣል። ሁለት እናቶች በልጆቻቸው ሥጋ ላይ የተዋዋሉት ውል ለፍርድ ወደ እስራኤል ንጉሥ ይቀርባል፤ ንጉሡ ይህን ሰምቶ ልብሱን ሲቀድድ ሕዝቡ ከውስጥ ማቅ መልበሱን ያያል። ቃሉ የሸፈነው ነገር የለም። ረሃብ ሰውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያወርደው ከየትኛውም ደራሲ ይልቅ ገልጦ ነግሮናል።

በከተማይቱ በር ደጃፍ ደግሞ አራት ለምጻሞች ተቀምጠዋል። በሽታቸው ከበባው ሳይመጣም ከሰው ለይቷቸው የሚኖሩ ናቸው። ወደ ከተማ ብንገባ ረሃብ አለ፤ እዚህ ብንቀመጥ እንሞታለን፤ ወደ ሶርያውያን ብንሄድ ቢበዛ ይገድሉናል ብለው ያሰላሉ። በስሌታቸው ውስጥ ከአራቱ ሌላ ሰው የለም። በመሸ ጊዜ ተነሥተው ሲሄዱ የጠላት ሰፈር ባዶ ነው። እግዚአብሔር የሰረገላና የፈረስ ድምፅ አሰምቶ ሠራዊቱን አባሮታል፤ ድንኳኑም፣ ፈረሱም፣ አህያውም እንዳለ ቀርቷል። ለምጻሞቹ ወደ አንዱ ድንኳን ገብተው በሉ፣ ጠጡ፤ ብርና ወርቅ ልብስም አውጥተው ሸሸጉ። ተመልሰው ወደ ሌላው ድንኳን ገቡ፤ ከዚያም አውጥተው ሸሸጉ።

ወጣቶች፣ ይህን ትዕይንት በደንብ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት፣ ያልተነካ ጓዳ፣ ከልካይ የሌለበት ሀብት! ከትረካዎቹ ሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። ብዙ ደራሲ እዚህ ቢደርስ ለአራቱ ሰዎች ምሽግ ሠርቶ ያስቀምጣቸው ነበር። ሰበብ አይጠፋም፤ ከተማይቱ ከደጅ አስቀርታቸዋለች፣ አንድ እፍኝ እህል እንኳ ስትሰጣቸው አላነበብንም።

እነርሱ ግን ከሁለተኛው ድንኳን በኋላ ቆሙ። ያደረግነው መልካም አይደለም፣ ይህ ቀን የምሥራች ቀን ሳለ እኛ ዝም ብለናል ተባባሉ። እስኪነጋ እንኳ ሊጠብቁ አልደፈሩም። በዚያው ሌሊት ወደ ከተማይቱ ተመልሰው የበሩን ጠባቂዎች ተጣሩ።

ለምን ተመለሱ? መልሱ ያለው ሰፈሩን ማን እንዳስለቀቀው በሚነግረን ቁጥር ላይ ነው። አራቱ ሰዎች አልተዋጉም፤ ብልሃታቸውም ቢበዛ ሞትን ለመምረጥ ብቻ የበቃ ነበር። የበሉት ሁሉ ስጦታ ነው። በጸጋ የተረፈ ሰው የተረፈበትን ነገር አጥር አጥሮ ሊይዘው አይችልም፤ ከያዘው ስጦታነቱን ክዷል። በልብ ወለዶቹ ውስጥ የተረፈው ሰው የሚተርፈው በጉብዝናው ስለሆነ ያገኘውን እንደ ደመወዝ ይቆጥረዋል። በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ንጉሡ ዜናውን ሲሰማ ያሰበውንም ተመልከቱ። ሶርያውያን በሜዳ ተሸሽገዋል፣ ስንወጣ ሊይዙን ነው አለ። የሚያንኳኳ ሁሉ ወጥመድ ነው የሚለው ትምህርት በቤተ መንግሥቱም ነበረ። ባሪያው ጥቂት ፈረሰኞች ይላኩና ይታይ ባይል ኖሮ ሕዝቡ በራፉ ላይ ምግብ እያለ በረሃብ ባለቀ ነበር።

ሰው በከበባ ጊዜ ሁልጊዜ አውሬ ይሆናል የሚለውን አሳብ በቅርብ ዘመን ታሪክም መፈተን ይቻላል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዝርያዎችን ሰብስቦ ነበር። የሰበሰበው ዘር የሚቀመጥበት ተቋም በሌኒንግራድ (በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ነበረ። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 ለ872 ቀናት ስትከበብ ሰው በየመንገዱ በረሃብ ወደቀ፤ የሰው ሥጋ የበሉም ነበሩ። በዚያች ከተማ የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝና በስንዴ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ዘሩን ሳይነኩ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በረሃብ ሞቱ። ገና ላልተወለደ ሰው እህል ጠበቁ። አንድ ከተማ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አሳይታለች፤ ትረካዎቹ ግን አንዱን ብቻ መርጠው ይነግሩናል።

እኛም ብንሆን ባዕድ የሆንበት ነገር አይደለም። የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ሲጨርሰው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን አገሩን ባዶ አድርጎት ነበር። የ1977ቱን ድርቅ የሚያስታውሱ ወላጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በዚያ ጊዜ እንሰት የሚተከልበት ምድር በአንጻራዊነት ተርፏል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ነው፤ የሲዳማ እናቶች ፍቀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ በድንጋይ ይጫኑታል፤ ዋሳው (ቆጮው) ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ፍቆው ደቦ ይፈልጋል፤ እንግዳ ሲመጣና ለቅሶ ሲሆንም ጉድጓዱ ይከፈታል። ማከማቸት ራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታ በሉቃስ 12 የነገረን ባለጠጋ ጎተራውን ሲያሰፋ «ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ» ይላል፤ የሚነጋገረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። የተወቀሰውም ለዚህ ነው።

ዕዳውም ወረቀቱም ሁሉ በተሰረዘልኝ ብሎ ለሚመኝ ሰው ደግሞ ኤርምያስ 32ን እመክራለሁ። ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እርሱም ታስሮ ሳለ ነቢዩ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ በምስክር ፊት ፈረመ፣ ውሉንም በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ከተማይቱ ልትወድቅ ሳለ እንኳ ነገ እንደሚኖር አምኖ ወረቀቱን ጠበቀ።

ሥራ ላጣው ወንድሜ የምመልስለት ይህን ነው። ለመፈለግ የዓለምን መፍረስ መጠበቅ አያስፈልግህም፤ ለብዙዎች ያለ ምንም ፍንዳታ ፈርሳለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል) ስታስወጣ፣ በኢንዱስትሪ ፓርካችን ይሠሩ ከነበሩ ወጣት ሴቶች እንጀራቸውን ያጡ ነበሩ። ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል በጋራ የተከራዩ፣ ወደ ቤት ለመመለስ የሚያፍሩ እህቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ምህንድስና የተማረ ሰው የፈሰሰ ቧንቧ ሊጠግንላቸው፣ ከሒሳብ ጋር ለሚታገል ተማሪ ሊያስጠና ይችላል። ቁስል ማሰር የሚያምርህ ከሆነ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ያሠለጥናል። ውሃ ማከማቸት፣ ለመጠባበቂያ እህል ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ስታስቀምጥ ግን ከቤተሰብህ ውጪ የሚበላ አንድ ሰው ጨምረህ አስላ።

ለመጪው ቅዳሜ ክፍሉን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡና ኑ። የምታዳምጡትን ታሪክም ይዛችሁ ኑ፤ ባለታሪኩ ያገኘውን ምግብ ለማን ሊነግር እንደሚገባው አብረን እንወያያለን።