የፎል ጋርደን ምንድን ነው? ጎመን በፍልሰታ የሚተከልበት ምክንያት

ኦገስት መጀመሪያ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጓሮ መውጣት ይከብዳል። ሙቀቱ 33፣ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል። ቲማቲሙና ቃሪያው ገና እየተለቀመ ነው። የጎመን ችግኝ የሚተከለው እንግዲህ ይሄኔ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው "በዚህ ሐሩር?" ይለኛል። አዎ፣ በዚህ ሐሩር።

ፎል ጋርደን የሚባለው ብርድ የሚወዱ አትክልቶችን ሰመሩ ሳያልቅ ተክሎ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ መሰብሰብ ነው። ጎመን፣ ኬል፣ ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ራዲሽ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በስፕሪንግም ይተከላሉ። የስፕሪንጉ ችግር ግን ተክሉ ገና ሲጎረምስ ሙቀቱ መምጣቱ ነው። ቀኑ ይረዝማል፣ ሰላጣውና ስፒናቹ ቶሎ ግንድ አውጥተው ያብባሉ፣ ቅጠላቸውም ይመራል። ፎል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ተክሉ ልጅነቱን በሙቀት ያሳልፋል፣ የሚደርሰው በቅዝቃዜ ነው። ለእኔ ከሁለቱ የተሻለው ይሄኛው ነው፤ ጣዕሙን አንድ ጊዜ ያየ ይረዳኛል።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፎልን መጸው ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን ቤት ውስጥ ፎል ነው የምንለው፤ ምክንያትም አለን። እኛ ክረምት ስንል የሚታየን ዝናብ ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። እዚህ ያ ጊዜ ሰመር ነው። አገር ቤት መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል። እዚህ መስከረም ሲጠባ ብርሃኑ መሸሽ ይጀምራል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ጎመን የተከልኩት እንቁጣጣሽ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። አየሩ ደስ ይላል፣ አፈሩም ለእጅ ይመቻል። ችግኞቹ ሁሉም ጸደቁ። ከዚያ ቆሙ። ኅዳር ላይ ቅጠላቸው ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። ውርጭ የገደለው አንድም አልነበረም። ዝም ብለው ማደግ አቆሙ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ግን የጁን ቀን 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀረው፣ የዲሴምበሩ ደግሞ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ቀኑ ከ10 ሰዓት ያንሳል። ያኔ አብዛኛው አትክልት እድገቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጓሮው ማሳነቱ ይቀርና ጎተራ ይሆናል። ያስገባችሁትን ይጠብቃል፣ አይጨምርም። ስለዚህ ብርሃኑ ከመሄዱ በፊት ተክሉ ሙሉ ሰው መሆን አለበት።

ቆጠራው የሚጀምረውም ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ በአካባቢያችሁ የመጀመሪያው ውርጭ በአማካይ የሚወርድበትን ቀን ታውቃላችሁ። ከዚያ ላይ ተክሉ ለመድረስ የሚፈልገውን ቀን ትቀንሳላችሁ፤ በዘሩ ፓኬት ላይ ተጽፏል። በዚያ ላይ ሌላ ሁለት ሳምንት ትቀንሳላችሁ፤ ፎል ላይ ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ተክሉ በፓኬቱ ፍጥነት አይሄድም። ይህን ሁለት ሳምንት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ውርጩ ኦክቶበር 25 ይወርዳል እንበል። የጎመኑ ችግኝ ለመድረስ 60 ቀን ይፈልጋል፣ ሁለት ሳምንት ሲጨመር 74። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ኦገስት 12 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ነሐሴ 6 ማለት ነው፣ ፍልሰታ ከገባ በስድስተኛው ቀን። ችግኙን ራሳችሁ የምታፈሉ ከሆነ ሌላ አምስት ሳምንት ወደ ኋላ፤ ጁላይ 8፣ ሐምሌ 1። እኔ ፈረንጁን ቀን መያዝ ስላቃተኝ በጾሙ ነው የማስታውሰው። ሐምሌ ሲገባ ዘር፣ ፍልሰታ ሲገባ ችግኝ። በጽጌ ጾም ከታች ያሉትን ቅጠሎች መልቀም ይጀመራል፣ ለጾመ ነቢያት ጓሮው ሙሉ ነው። 28 ቀን የሚበቃው ራዲሽ ግን በዚሁ ቆጠራ እስከ መስከረም 3 ጊዜ አለው።

ይህ ቀን ለሁሉም አይሠራም። ሚኒሶታ ያለ ሰው ውርጩ ቀድሞ ስለሚመጣበት ቀደም ማለት አለበት። ዳላስ ያለ ሰው ኦገስት ላይ ቢተክል ችግኙ ይቃጠልበታል፤ እሱ ሴፕቴምበርን ይጠብቅ፣ ውርጩም እስከ ኖቬምበር ይታገሠዋል። አማካይ የሚለውን ቃልም ልብ በሉት። በአማካይ ቀኑ ላይ መተማመን ማለት ከአስር ዓመት አምስቱን ውርጩ ይቀድማችኋል ማለት ነው። ሌላው ግራ የሚያጋባው ዞን የሚባለው ቁጥር ነው። እሱ የሚናገረው ዊንተሩ እስከምን ድረስ እንደሚበርድ እንጂ ውርጩ መቼ እንደሚመጣ አይደለም። ለቀኑ የክፍለ ግዛታችሁን ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ገበሬንና ጓሮ አትክልተኛን የሚያማክረውን ክፍል፣ ጠይቁ። የሜሪላንድም የቨርጂኒያም የተከላ ካላንደር በነፃ ያወጣሉ።

በሐሩር መዝራት የራሱ ጣጣ አለው። የአፈሩ ሙቀት ከ27 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አብዛኛው የሰላጣ ዘር ይተኛል። አይበሰብስም፣ አይበቅልም፣ ዝም ይላል። ስለዚህ መደቡን አመሻሽ ላይ በደንብ አጠጡ፣ ዝሩ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ለካሮት እኔ ሳንቃ ነው የማስተኛበት። በየጠዋቱ አንሥቼ አያለሁ፤ አንድ ነጭ ክር ብቅ ያለ ቀን ሳንቃው ይነሣል። አንድ ቀን ካዘገያችሁ ችግኙ ከሥሩ ይጣመማል። የጎመን ችግኝም በፀሐይ አይተከልም። አመሻሽ ላይ ተክላችሁ ለመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ጥላ ሥሩለት፤ አሮጌ ነጠላም ይበቃል። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ ሸፍኑት።

ከሁሉም የሚያደክመው ነጩ ቢራቢሮ ነው። ሲበር ያምራል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፤ አንዳንድ ቦታ ቆማ የምትታይ ቢጫ እንቁላል አለች። ከእሷ የሚፈለፈለው አረንጓዴ ትል ደግሞ የቅጠሉ ጅማት ላይ ሲተኛ አይለይም። ሰላማዊው መፍትሔ በተከላችሁበት ቀን ስስ መረብ ማልበስ ነው። ቢራቢሮው ከገባ በኋላ ማልበስ ጠላትን ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው።

ቲማቲምና ባሲል ውርጭ ሲወርድ በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ጎመን ግን አይደነግጥም። ብርድ ሲሰማው በውስጡ ያጠራቀመውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ስኳር ያለበት ውኃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ሴሉ አይፈነዳም። ተክሉ ይህን የሚያደርገው ራሱን ለማዳን ነው፤ እኛ ደግሞ ጣፋጭ ጎመን እንበላለን። ካሮትም እንዲሁ ነው። የጠነከረ የጎመን ተክል ከዜሮ በታች 6፣ 7 ዲግሪ ድረስ ይችላል።

አመዳይ በወረደበት ጠዋት ጓሮ ውጡና እዩት። የቅጠሉ ጠርዝ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ቅጠሉ ደርቆ ወደ መሬት ይዘነበላል፣ የሞተ ነው የሚመስለው። እንዳትነኩት፤ በዚያ ሰዓት ከተነካ ይሰበራል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲነካው ነጩ ወደ ጤዛ ይለወጣል፣ ቅጠሉም ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ያኔ ነው የሚለቀመው። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ አብስሉት። የሰመሩ ጎመን ያለው መራራነት የለውም፣ ቶሎም ይበስላል።

እዚህ ገበያ ጎመን ብለን የምንገዛው ኮላርድ ነው። ዝርያው ከጥቅል ጎመንና ከብሮኮሊ ጋር አንድ ነው። የአገር ቤቱ የሐበሻ ጎመን የእሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ጣዕሙ የተለየባችሁ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ስትለቅሙ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ መሀል ያለውን ልቡን አትንኩ። ልቡ ከተረፈ ተክሉ ዊንተሩን ቆሞ ያድራል። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ቀኑ ከ10 ሰዓት ሲያልፍ ቆይቶ አዲስ ቅጠል መግፋት ይጀምራል። ስፕሪንግ ላይ ግንድ ያወጣል። የዚያን ግንድ እምቡጥ ሳይፈነዳ ቁረጡት፤ እንደ ብሮኮሊ ይበላል።