የጣልያን ሥነ ጽሑፍ ከዲግሪ በላይ

እ.ኤ.አ. በ1373 የጣልያኗ ፍሎረንስ ከተማ ደራሲውን ቦካቺዮን ቀጠረችው። ሥራው የገጣሚውን የዳንቴን ረጅም ግጥም፣ ኮሜዲያን፣ ለሕዝብ እያነበበ ማብራራት ነበር። ታመመና የመጀመሪያውን ክፍል፣ «ሲኦል»ን፣ እንኳ ሳይጨርስ አቆመ። የዛሬ የጣልያን ሥነ ጽሑፍ ተማሪም ዋና ሥራው ያው ነው፤ መስመር በመስመር ማንበብ።

በጣልያን ማስተርሱ «ላውሬያ ማጂስትራሌ» ይባላል። ሁለት ዓመትና 120 ክሬዲት ነው። ዶክትሬቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጨምራል።

የትምህርቱ አከርካሪ ፊሎሎጂ ነው፤ ቅጂዎችን እያመሳከሩ የደራሲውን ትክክለኛ ቃል መፈለግ። ዳንቴ በገዛ እጁ የጻፋት አንዲት ገጽ እንኳ አልተገኘችም። የኮሜዲያው 14,233 ስንኞች የደረሱን በገልባጮች እጅ ነው። ከ800 የማያንሱ ቅጂዎች አሉ። አንዱ ገልባጭ ደክሞት ቃል ይዘላል፤ ሌላው ያልገባውን ቃል በሚያውቀው ይተካዋል። ተማሪው ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ስህተታቸውን ያመሳክራል። አንድ ዓይነት ስህተት የሚጋሩት ከአንድ እናት ቅጂ የወጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። በብራና መጻሕፍታችን ላይ የሠራ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል።

የሌላው ገጣሚ የፔትራርካ ነገር ግን ይለያል። በገዛ እጁ የጻፋቸው ረቂቆቹ ቫቲካን ውስጥ አሉ። ሰርዞ ደልዞ፣ ኅዳጉ ላይ በላቲን «ይሄ ደስ ይላል» ብሎ ጽፏል። ገጣሚው ሲያመነታ ማየት ልብ ይነካል።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጥናት ነው። በ1583 ፍሎረንስ ላይ የተቋቋመው የክሩስካ አካዳሚ በ1612 ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። «ክሩስካ» ማለት ፉርሽካ ነው፤ አርማውም የዱቄት መንፊያ። ጥሩውን ቃል ከገለባው እንለያለን ማለታቸው ነበር።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ስለ ቅኝ ግዛት የሚደረገው ጥናት ነው። በ1947 ስትሬጋ የተባለውን የጣልያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው የኤንዮ ፍላያኖ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚፈጸመው በጣልያን በተወረረችው ኢትዮጵያ ነው። አንድ ጣልያናዊ መኮንን ኢትዮጵያዊት ሴት ይገድላል። ፍላያኖ ራሱ በዚያ ጦርነት ዘምቷል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የእሷን ድምፅ ብዙም አንሰማም። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ጋብሪየላ ጌርማንዲ በጣልያንኛ በጻፈችው ልብ ወለድ ስለ ጦርነቱ የሚናገሩት ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ኔፕልስ ያለው «ሎሪየንታሌ» ዩኒቨርሲቲ አማርኛም ያስተምራል። እዚያ አንድ ተማሪ የዘማቹን ማስታወሻና የአርበኛውን ትዝታ በየቋንቋቸው ማንበብ ይችላል።