ፉጂይ ካዜን ቲክቶክ ነው ያወጣው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቲክቶክ የምታዩ ከሆነ «ሺኑኖጋ ኢ-ዋ» የሚለውን የጃፓንኛ ዘፈን ሳትሰሙት አትቀሩም። ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ድምፁም የጃፓናዊው ድምፃዊ የፉጂይ ካዜ ነው። ይህን ልጅ በጣም ስለምወደው፣ ስለ አመጣጡ የሚወራውን የተሳሳተ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በአንድ ሌሊት ታወቀ»

ዘፈኑ ዓለምን ያዳረሰው በ2022 ነው። የተነሳውም ከታይላንድ ነው እንጂ ከጃፓን አይደለም። ግን እኮ ዘፈኑ ሜይ 2020 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ነበር! በነጠላ ዜማነት እንኳ አልወጣም። ሁለት ዓመት እዚያው ተቀምጧል።

ካዜ ግን አልተቀመጠም። ሴፕቴምበር 2021 ላይ ዮኮሃማ በሚገኘው ኒሳን ስታዲየም ብቻውን ተጫወተ። ኮሮና ስለነበር ተመልካች አልገባም። ሰባ ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ባዶ ስታዲየም፣ አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖ፣ ከላይ ዝናብ። ዝግጅቱ በዩቲዩብ በነፃ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጃፓኖች በየዓመቱ በሚጠብቁት ኤንኤችኬ የተባለው የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን የዘመን መለወጫ ዝግጅት፣ በኮሃኩ ላይ ቀረበ። ቲክቶክ ሳያገኘው አገሩ አውቆታል።

«ሙዚቀኛ መሆን ትልቅ ከተማና ውድ አስተማሪ ይጠይቃል»

የተወለደው በ1997፣ ኦካያማ በተባለው የጃፓን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሳቶሾ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ካፌ ነበራቸው። ፒያኖም ሳክስፎንም ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሙዚቃ ተምሯል፤ ስለዚህ «ትምህርት የማያውቅ ተፈጥሯዊ ተሰጥኦ» የሚሉትም ተሳስተዋል።

«የሰው ዘፈን መጫወት ጊዜ ማባከን ነው»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ካዜ በ2010፣ ገና በ12 ዓመቱ፣ የሌሎችን ዘፈን በፒያኖ እየተጫወተ ዩቲዩብ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ለዓመታት ቀጠለበት። ዘፈኑን በጆሮው ይይዛል፣ ይፈታታዋል፣ ኮርዱን (ዜማውን የሚያጅቡትን አብረው የሚመቱ ድምፆች) ቀይሮ በራሱ መንገድ ይገጥመዋል። የዜማ ደራሲ ትምህርት ማለት ይህ ነው። የራሱን ዘፈኖች ስትሰሙ እጁ ፒያኖው ላይ ያለ ሐሳብ የሚሄደው በዚያ ልምምድ ነው።

«ሕገወጥ ነው» የሚሉም አሉ። ዩቲዩብ ጃስራክ ከተባለው የጃፓን የደራሲያን መብት አስከባሪ ድርጅት ጋር ከ2008 ጀምሮ ስምምነት አለው። ድርጅቱ የያዘውን ዘፈን ራስህ ተጫውተህ ብትለጥፍ ክፍያው በዚያ በኩል ለደራሲው ይደርሳል። የሲዲውን ድምፅ ወስዶ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአሳታሚውን ፈቃድ ይጠይቃል።

«መድረክ የወጣ ይከፈለዋል»

ብዙ የጃፓን ጀማሪዎች ተቃራኒውን ያውቁታል። ሙዚቃ በመድረክ የሚቀርብባቸው ትንንሽ ቤቶች ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ራሱ የሚሸጠው የትኬት ኮታ ይሰጡታል። ያልተሸጠውን ከኪሱ ይሸፍናል። ለዚህ ነው ዩቲዩብ ከዋና ከተማ ርቆ ላለ ልጅ ትልቅ በር የሆነው።

«ኢንተርኔት ካለ ኩባንያ ምን ያደርጋል?»

ካዜ በ2019 ወደ ቶኪዮ ሄደ። ከጀርባው ሥራ አስኪያጆች፣ ዩኒቨርሳል የተባለው አሳታሚ፣ ዘፈኖቹን ያቀናበረለት ፕሮዲውሰር ያፍል ነበሩ። ለብቻው የተጓዘው እስከዚያ ድረስ ነው።

«በእንግሊዝኛ ካልዘፈነ ማን ይሰማዋል?»

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው እንኳ በኦካያማ አነጋገር የተጻፈ ነው። «ፕሬማ» የተባለውን የእንግሊዝኛ አልበሙን ያወጣው በ2025 ነው። ያኔ ባንኮክም ሌላውም ዓለም በጃፓንኛ አብሮት ሲዘፍን ሦስት ዓመት ሞልቶታል።