በጎጃም የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ባለሙያዎች የሙያ ማረጋገጫና ፈቃድ

የተቆረጠን እግር ወይም እጅ በሰው ሠራሽ አካል መተካት ፕሮስቴቲክስ ይባላል። ያልተቆረጠውን፣ ነገር ግን የደከመውን ወይም የተጣመመውን አካል በድጋፍ መያዝና ማቃናት ደግሞ ኦርቶቲክስ ነው። ሁለቱንም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለሙያ ነው። የሥራ ቦታው ጀሶ፣ ሞረድና ምድጃ የሞላበት ወርክሾፕ በመሆኑ ብዙ ሰው ሥራውን ከእንጨትና ከብረት ሥራ ለይቶ አያየውም። ፈቃድ የሚጠየቅበት የጤና ሙያ መሆኑም የሚዘነጋው በዚሁ ምክንያት ይመስላል።

ፈቃዱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ሶኬቱን፣ ማለትም ከቆረጣ የተረፈው እግር የሚገባበትን ክፍል ማየት ይበቃል። ባለሙያው እግሩን በጀሶ ፋሻ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል፤ በቅርጹ ውስጥ ጀሶ አፍስሶ ሞዴል ያወጣል፤ ከዚያም ሞዴሉን እዚህ እየሞረደ እዚያ እየሞላ ያርመዋል። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ከሆነ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ክብደት እንዲሸከም፣ በውጭ በኩል ጎልቶ የሚወጣው የቀጭኑ አጥንት ራስ ደግሞ እንዳይጫን ማድረግ አለበት። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ በምድጃ ለስልሶ በሞዴሉ ላይ የሚለበጠው ከዚህ በኋላ ነው። በእርማቱ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሳተ እጅ ቁስል ያመጣል። በስኳር ሕመም ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ቁስሉን ሳያውቀው ሲራመድበት ይውላል፤ ነገሩም ለሁለተኛ ቆረጣ ሊያደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1970 በኮፐንሃገን የተመሠረተው የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ባለሙያዎችን በሦስት ደረጃ ሲከፍል ኖሯል። የመጀመሪያው ደረጃ አራት ዓመት ገደማ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ባለቤቱ ታካሚውን መርምሮ የሚወስን ነው። ሁለተኛው ሦስት ዓመት የሚማረው ቴክኖሎጂስት፣ ሦስተኛው ከታካሚው ጋር ሳይሆን ከጀሶውና ከፕላስቲኩ ጋር የሚውለው ቴክኒሻን ነው። ማኅበሩ ትምህርት ቤቶችን እየመዘነ እውቅና ይሰጣል። ከምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በታንዛኒያ ሞሺ የሚገኘው ማሠልጠኛ ነው።

የሙያ ማረጋገጫና ፈቃድ ግን አንድ አይደሉም። ማረጋገጫ የሙያው ማኅበር ወይም መዛኝ አካል የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ፈቃድ ደግሞ መንግሥት “መሥራት ትችላለህ” የሚልበት ሰነድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ያለ አንድ ቦርድ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በባለሙያ ሥር የሚደረግ የሥራ ልምምድና ፈተናዎች አልፎ ለመጣ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ፈቃድን በሕግ ያስገደዱት ግን ሁሉም ግዛቶች አይደሉም። በብሪታንያ በአንጻሩ በመንግሥታዊ መዝገብ ላይ ሳይሰፍሩ በዚህ የሙያ ስም መጠራት ያስቀጣል።

በኢትዮጵያ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና እርሱን ያስፈጸመው ደንብ ቁጥር 299/2006 ደንግገዋል። በቴክኒክና ሙያ መስመር የሠለጠነ ሰው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያልፋል። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የጀመረው የሙያ ፈቃድ ፈተና ግን በቅድሚያ የያዘው ሐኪሞችንና ነርሶችን የመሳሰሉ ብዙ ተመራቂ ያላቸውን ሙያዎች ነው። ይህ ሙያ ሌላም ጣጣ አለበት። የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ የቆዩት በጤና ሳይሆን በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ሥር ነበር። በእኔ እይታ የመደናገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ቀጣሪውና ፈቃድ ሰጪው በተለያየ ግቢ ሲቀመጡ ቴክኒሻኑ ምን ድረስ መወሰን እንደሚችል የሚቆጣጠር ይጠፋል።

ወደ ጎጃም ስንመጣ ነገሩ በቁጥር ይጎላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ብቻ ከ4.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሕዝብ 0.5 በመቶ ያህሉ ይህን አገልግሎት እንደሚፈልግ፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰውም ከ5 እስከ 10 ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ይገምታል። በዚህ ስሌት ለሁለቱ ዞኖች ከ21 ሺህ በላይ ተጠቃሚ፣ ከ21 እስከ 42 ባለሙያም ይወጣል፤ ያውም በዚያ ዘመን ቁጥር። የአካባቢው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ያለው በባሕር ዳር ነው። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከሞጣ የሚነሣ ሰው ወደዚያ መጓዝ አለበት፤ ጉዞውም አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ለልኬት፣ ለሙከራና ለማስተካከያ ይመላለሳል።

ጎጃም ደግሞ የራሱ በሽታዎች አሉት። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በብዙ ወረዳዎች ይታያል፤ ያበጠ እግር ከሱቅ ጫማ ስለማይገባ በልኩ የሚሠራለት ይፈልጋል። ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትም በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ከተቃኑ በኋላ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት ድጋፍ ያደርጋሉ። ድጋፉ ካልተመቸ እናት ታወልቀዋለች፤ እግሩም ተመልሶ ይጣመማል።

ስለ ፈቃድ ሲወራ ወጌሻው መነሣቱ አይቀርም። ለወጌሻ ማስረጃው የሰፈሩ አመኔታ ነው፤ ብዙ ሰውም አድኗል። ነገር ግን የተሰበረን እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ ማሰር ደም ያቋርጣል፤ በኢትዮጵያ ሕፃናት እጅና እግር ከሚያጡባቸው የታወቁ ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። እንዲህ የተቆረጠ ሕፃን ወደ ባለሙያው የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አጥንቱ እያደገ ሲሄድ ሶኬቱ ስለሚጠብበት፣ እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ በየዓመቱ ገደማ እንደገና መለካትና አዲስ መሠራት አለበት።