የቲቢ የቆዳ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሲሆን ምን ማለት ነው?

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በርሊን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን (የቲቢን) ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ካበሰረ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ከዚያው ባክቴሪያ ያወጣውን ቱበርኩሊን የተባለ ፈሳሽ ፈዋሽ ነው ብሎ አቀረበ፤ አላዳነም። ዛሬ ተጣርቶ የሚያገለግለው ለምርመራ ነው፦ ክንድ ላይ ቆዳ ውስጥ ጥቂት ይወጋና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እብጠቱ በሚሊሜትር ይለካል፤ የሚለካው ጠጠር ያለው እብጠት እንጂ መቅላቱ አይደለም።

እብጠቱ ሰፋ ሲል ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ የሚያደናግረውም ይህ ቃል ነው። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ያውቀዋል ማለት እንጂ ሰውየው ታሟል ማለት አይደለም፤ ድብቅ ቲቢ ያለበት፣ ማለትም ባክቴሪያው በውስጡ ተኝቶ ያለ ሰው የሕመሙ ምልክት አይታይበትም፣ ለሌላም አያስተላልፍም። በሕፃንነቱ ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ ክትባት የተከተበ ሰው ደግሞ (አብዛኞቻችን ማለት ነው) በክትባቱ ብቻ ሊያብጥበት ስለሚችል፣ ይህ ችግር የሌለበትን የደም ምርመራ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሳንባው መታመሙ የሚጣራው በራጅና በአክታ ምርመራ ነው።