ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ በድንኳን ማደር፦ ለጀማሪዎች

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በድንኳን የሚያድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሎጅ ግቢ፣ በማሳ ዳር፣ በግጦሽ መሬት ወይም በደን ጠርዝ ነው። ባዶ የሚመስለው መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። አንዱ ለከብት ሣር የተከለለ ነው፤ ሌላው ነገ የሚታረስ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሌሊት ከእይታው ይልቅ ባለቤቱን ማወቅ ይቅደም። የሚያውቃችሁ ሰው በቅርብ ካለ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ወሎ ለዚህ የሚሆን የቆየ ወግ አለው። መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ይገባል፣ ያድራል። ድንኳን የያዘም ቢሆን ከዚሁ ወግ አይወጣም። ጀንበር ሳትጠልቅ ሰላም ብሎ፣ ከየት እንደመጣ ተናግሮ፣ የት ማረፍ እንደሚችል ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ከቦታው ጋር ቡናም ይመጣል። (ወሎዬ ስለጻፈው የተጋነነ ከመሰላችሁ ሞክሩት።)

ከፍታና ብርድ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። የከፍታው ልዩነት ብቻውን የአራት ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል። በአንድ ሌሊት ደሴ ላይ ጋቢ በብርድ ልብስ ላይ ሲደረብ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው ትንኝ ነው። ኮምቦልቻና ቆላው ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ አጎበር ወይም በደንብ የሚዘጋ ድንኳን ያስፈልጋል፤ በተለይ ክረምት እንደወጣ።

ሐይቅ

ለጀማሪ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ቢባል የሐይቅ ከተማና አጠገቧ ያለው ውሃ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሚኒባስ ከደሴ ይገኛል፤ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ደግሞ ባጃጅ። በዳርቻው ሎጆች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የሎጁን ሰዎች አስፈቅዶ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ቢተክል ይሻለዋል። መጸዳጃ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ዝናብ ቢጥል መጠለያ አለ። «ይሄ ደግሞ ካምፒንግ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለመጀመሪያ ሌሊት ነው፤ አዎ።

ጸጥታ የሚፈልግ ቅዳሜና እሁድን ይተው። የሽርሽር ሰውና ሙዚቃ የሚበዛው ያኔ ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ የሚሰማው ወፍና የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው። ዓሣው በብዛት ቆረሶ ነው።

ውሃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። መውጫ ወንዝ የለውም። ዳሩ ላይ ጥልቀት የሌለው መስሎ ድንገት ገደል ስለሚሆን ዋና የማይችል ሰው አይግባ። ዋና የሚችልም ከውሃ የሚይዘውን የቢልሃርዚያ በሽታ ያስብ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚሁ ነው። ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። መጀመሪያ የተመሠረተው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚል ትውፊት አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ታላቅ የትምህርት ቦታ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የኢትዮጵያ የገዳም ትምህርት ዋና ምንጭ ሐይቅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። በገዳሙ ይዞታ ድንኳን መትከልም ያለ አባቶች ፈቃድ አይታሰብም።

ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከሐይቅ ያነሰ፣ ከፍ ያለና ጸጥ ያለ ነው። መንገዱ ስለሚያስቸግር ለሁለተኛው ጉዞ ይቆይ።

ቦሩ ሜዳ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፊ ደጋ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በድንኳን ታሪክ ግን ከዚህ የሚበልጥ ቦታ በአካባቢው የለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ሊቃውንቱ ተከራክረው የተዋሕዶ ወገን ረታ። ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ይህ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያስከተለውን ጫና ሁሉም ጸሐፊ በአንድ ዓይነት አይተርከውም። ከወሎ መሪዎች አንዱ የነበሩት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ንጉሥ ሲንቀሳቀስ ከተማው አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። መኳንንቱ በማዕረጋቸው በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ ወጥ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በድንኳን ነበር።

ደሴ ራሷም በጦርነት ጊዜ ሰፈር ሆናለች። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሳሉ፣ ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከኮምቦልቻ በኩል ተዋግቶ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ጦር ደሴን ከጣሊያን አስለቀቀ።

ለመዝናናት ድንኳን ይዞ መውጣት ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ የወጣቶች ነገር ነው።

ለማደር ሲታሰብ ቦሩ ሜዳ መንገዱ ቀላል፣ መሬቱ ሜዳ ነው። ችግሩ ነፋሱና ውርጩ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ለጀማሪ አይመከርም።

የጎፍና ጦሳ

ኮምቦልቻን ከላይ የሚያያት የጎፍ ደን ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ያለበት፣ በመንግሥት የሚጠበቅ ደን ነው። ፈቃድ ይጠየቃል፤ እሳት አይነደድም። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ለቀን መውጫ ያምራል፤ ለማደር ግን ቁልቁለቱ አይመችም።

ጊዜና ጥንቃቄ

ከሁሉም የሚሻለው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። ሰብሉ ግን አልታጨደም፤ ማሳ እንዳይረገጥ። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድንገት ያዘንባል። ሐምሌና ነሐሴን እርሱት።

ከመውጣት በፊት የአካባቢውን ጸጥታ መጠየቅ ግድ ነው። የሚጠየቀው ደግሞ የዚያው ቀበሌ ሰው ነው፤ ከተማ ያለ ወዳጅ የሚያወራው ያለፈ ሳምንት ወሬ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢውን ስለነካ ሜዳ ላይ የተገኘ እንግዳ ብረት አይነካም፤ ለፖሊስ ይነገራል። ጅብ በየቦታው አለ። ሥጋና የምግብ ትራፊ ድንኳን ውስጥም ደጅም አይደር፤ ተዘግቶ መኪና ወይም የባለቤቱ ቤት ይግባ። የቦርከና ወንዝ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ለመጠጥ ቀርቶ ለዕቃ ማጠቢያም አይሆንም። ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት አምስት ሊትር ውሃ ከከተማ ይዞ መውጣት ይበቃል፤ ቡና የሚያፈላ ካለ ትንሽ ይጨመር።